የደመወዝና የወጪ ሒሳብ በኢትዮጵያና በጅቡቲ

በወግዲና በመካነ ሰላም በኩል ያሉ ብዙ ወላጆች ስለ ልጃቸው መንገድ ሲመክሩ፤ በጅቡቲ የሚከፈለውን ደመወዝ በብር መንዝረው በአገራቸው ከሚገኘው ጋራ እንደሚያስተያዩ ስለ ተመለከትን፤ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ሁለቱ ጎረቤት አገሮች የኑሮ ወጪ ጥቂት ልንናገር ወደድን። ምንዛሪው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሒሳቡ እኩሌታ ብቻ ነው።

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋራ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህም አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ያህል ሆኖ ሳይናወጥ ቆይቷል። በደርግ ዘመን ዶላሩ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር፤ አንድ ብር 86 ፍራንክ ያህል ይገዛ ነበር። ዶላሩ 57 ብር በደረሰ ጊዜ ግን አንዱ ብር 3 ፍራንክ ያህል ብቻ ሆነ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም ዶላሩ ከ100 ብር ስላለፈ 2 ፍራንክ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከጅቡቲ የሚላክ ገንዘብ ወግዲ ሲደርስ ብዙ ሆኖ መታየቱ አያስደንቅም።

ሠራተኛው የሚያወጣው ግን በብር ሳይሆን በፍራንክ ነው። የወግዲ ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን ከማሳው፤ ውሃውን ከምንጭ፤ ማገዶውን ከኩበትና ከባሕር ዛፍ ያገኛል፤ የቤት ኪራይም አያውቅም። ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣው ለጨው፤ ለዘይት፤ ለስኳር፤ ለልብስ፤ ለልጆች ደብተርና ለማዳበሪያ ነው፤ የማዳበሪያውንስ ጭንቅ እርሱ ያውቀዋል። በጅቡቲ ግን ምድሩ ደረቅ ስለ ሆነ ምግቡ አብዛኛው ከውጭ ይገባል፤ አትክልቱም ከእኛ አገር ይሄዳል። ከፈረንጆች 2011 ዓመት ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ከሐዳጋላ የሚወጣ ውሃ ከኢትዮጵያ ይደርሳታል። እኛ በክረምት ጋቢ ስንደርብ በዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋልና ማራገቢያ ቅንጦት አይደለም። እንግዲህ ማደሪያው፤ ዳቦው፤ የሚጠጣው ውሃና የሚነፍሰው ነፋስ ሳይቀር በገንዘብ ነው። ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ይከፈላል?» ብሎ ሳይሆን «ከዚህ ሁሉ በኋላ ስንት ይተርፋል?» ብሎ ነው።

የተገላቢጦሽም አለ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ስለ ሆነ፤ የዘይቱና የማዳበሪያው ዋጋ ወግዲ እስኪደርስ የመኪና ጭነቱን እየደረበ ይወጣል፤ ጤፉም በአንጻሩ ወደዚያ በወረደ ቁጥር ይወደዳል።

ይህን የምንጽፈው ለጨዋታ አይደለም። ከወሎ የሚወርዱት ወጣቶች ብዙዎቹ በጅቡቲ ከተማ አይቀመጡም፤ ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር በኦቦክ በኩል ጀልባ ይጠብቃሉ እንጂ። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. በጎዶርያ አጠገብ የሰጠመችው ጀልባ የጫነችው ኢትዮጵያውያንን ነበር። በችሎት ጽሕፈት ሥራችንም የምናየው የብድር ክርክር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አባት በሬውን ሸጦ፤ መሬቱን በኮንትራት ሰጥቶ፤ የጎደለውን ተበድሮ ለደላላ ይከፍላል። ልጁ በባሕሩ ዳር ለአንድ ጀሪካን ውሃ በፍራንክ ሲከፍል፤ የአባቱ ዕዳ በወግዲ ወለዱ በየወሩ ይቆጠራል።