ውሃ የበላው ረቂቅ፦ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ አውጪ ኮሚቴዎችና የዝምታ ሥልጣን

በአሜሪካ ግዛቶች ምክር ቤቶች የአንድ ረቂቅ ሕግ ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው የሚወሰነው አባላቱ በሙሉ በሚቀመጡበት ትልቅ አዳራሽ አይደለም። ረቂቁ ርእሱ ከተነበበ በኋላ ለጉዳዩ ቅርብ ለሆነ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው የባለሙያና የባለጉዳይ ቃል ይሰማል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምራል፣ ያሻሽላል፣ በመጨረሻም ይጽደቅ ወይም ይቅር ሲል ለሙሉ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። የመማሪያ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ሂደት ይህ ነው። መጻሕፍቱ በአንድ ሐረግ የሚያልፉት ሌላ አማራጭ ግን አለ፤ ኮሚቴው ምንም ላይል ይችላል። ረቂቁ አጀንዳ ሳይያዝለት፣ ድምፅ ሳይሰጥበት፣ የተቃወመው ሰው ማንነት ሳይታወቅ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ያበቃል። እንዲህ ያለውን ነገር አማርኛ «ውሃ በላው» ይለዋል።

ውድቅ በተደረገ ረቂቅና ውሃ በበላው ረቂቅ መካከል ያለው ልዩነት በውጤቱ ብቻ ከታየ ኢምንት ነው፤ ሁለቱም ሕግ አይሆኑም። በተጠያቂነት ሲመዘን ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ረቂቁ በድምፅ ከወደቀ ማን እንደጣለው ይታወቃል። መራጩ በሚቀጥለው ምርጫ እንደራሴውን ይጠይቃል፣ ረቂቁን ያመነጨው ወገን የተሰጠውን ምክንያት አንብቦ ጉድለቱን አርሞ ይመለሳል፣ ተመራማሪም የሚያጠናው መዝገብ ያገኛል። በዝምታ የሞተ ረቂቅ ለአንዳቸውም የሚተውላቸው ነገር የለም። ስለዚህ ሁለት ሥልጣኖችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው የማጣራት ሥልጣን ነው፣ ሁለተኛው የዝምታ ሥልጣን። የመጀመሪያው ያለ ጥርጥር አስፈላጊ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ተዳብሎ የኖረ እንጂ ከእርሱ የማይነጠል አይደለም፤ ለዚህም ማስረጃዎቹ ራሳቸው ግዛቶቹ ናቸው።

ጉዳዩ በፖለቲካ ሳይንስ አዲስ አይደለም። ፒተር ባክራክና ሞርተን ባራትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ሥልጣን ሁለት ገጽታ እንዳለው አሳይተዋል፤ አንዱ ውሳኔ ማሳለፍ ሲሆን ሌላው አንድ ጉዳይ ጨርሶ ለውሳኔ እንዳይቀርብ ማድረግ ነው። ኪት ክሬይቢል በበኩሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሚቴን ለምክር ቤቱ ዕውቀት የሚያመርት የሥራ ክፍል አድርጎ ተመለከተው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት አባላቱ በሁሉም ዘርፍ ባለሙያ መሆን ስለማይችሉ ጥቂቶቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ጠልቀው ያገኙትን ለሌሎቹ ያካፍላሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን አንድ የማይሸሽ ጥያቄ ያስከትላል። የኮሚቴ መኖር ምክንያቱ ዕውቀት ማካፈል ከሆነ፣ ምንም ሳይናገር የሚቀበር ረቂቅ ለምክር ቤቱ የሚያካፍለው ዕውቀት ምንድን ነው?

ኒው ሃምፕሻየር ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ከሁሉም ቀጥተኛ ነው። በዚህች ትንሽ ግዛት የታችኛው ምክር ቤት 400 አባላት አሉት፤ የላይኛው 24 ብቻ ነው። አባላቱ ለሁለት ዓመት አገልግሎት የሚከፈላቸው 200 ዶላር ሲሆን፣ ይህም በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተደነገገ ነው። ማለትም የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች አይደሉም፤ ጡረተኛው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ ከሥራው ተርፎ የሚመጣበት ምክር ቤት ነው። እንዲህም ሆኖ በታችኛው ምክር ቤት ደንብና ልማድ መሠረት እያንዳንዱ ረቂቅ ሕግ ሕዝብ ቃሉን የሚሰጥበት ስብሰባ ይደረግለታል፣ ኮሚቴውም የውሳኔ ሐሳብ አያይዞ ወደ ሙሉ ጉባኤው ይመልሰዋል። የውሳኔ ሐሳቦቹ የታወቁ ቀመሮች ናቸው፤ «ሊጸድቅ ይገባዋል»፣ «ከማሻሻያው ጋር ሊጸድቅ ይገባዋል»፣ «ሕግ ማድረጉ አያስፈልግም»። ተጨማሪ ጊዜ የሚሻ ረቂቅ በመጀመሪያው ዓመት በኮሚቴው እጅ ሊቆይ ይችላል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን መመለሱ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው በምክር ቤቱ የአጀንዳ መጽሔት ላይ የሚታተመው አጭር ማብራሪያ ነው። የኮሚቴው አብላጫ ወገን ለምን እንዲህ እንደወሰነ አንድ አባል በስሙ በጥቂት መስመሮች ይጽፋል። ኮሚቴው ከተከፈለ አናሳው ወገንም የራሱን ምክንያት ከሥሩ ያሰፍራል፤ የድምፁም ቁጥር ይቀመጣል። በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ያላስነሡ ረቂቆች በአንድነት ተጠርዘው በአንድ ድምፅ ያልፋሉ፤ ሆኖም ማንኛውም አባል አንዱን ረቂቅ ከጥቅሉ አውጥቶ ለብቻው እንዲታይ መጠየቅ ይችላል። ማብራሪያዎቹ ሁልጊዜ ጥልቅ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ደረቅ ናቸው። ነገር ግን መንግሥት ለዜጋው ጥያቄ የሰጠው የጽሑፍ መልስ ናቸው፤ መልሱም በአንድ አንቀጽ ያልቃል።

ኮሎራዶ ወደዚህ ሥርዓት የደረሰችው በሌላ መንገድ ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የኮሚቴ ሰብሳቢ ያልወደደውን ረቂቅ አጀንዳ ሳይዝለት ማስቀረት ይችል ነበር፤ በኮሚቴ ያለፈውም ቢሆን በደንብ ኮሚቴው እጅ ገብቶ ወደ ሙሉ ጉባኤው ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 መራጩ ሕዝብ ራሱ ባመነጨው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይህን አሠራር ሻረው። ማሻሻያው «ለእያንዳንዱ ሕግ አውጪ ድምፅ ይሰጠው» የሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ስያሜው ምህጻር «ጋቬል» ተብሎ ይታወቃል፤ ቃሉ ሰብሳቢ ጠረጴዛ የሚመታበት መዶሻ ማለት ነውና ስያሜውን ያወጡት ሰዎች ቀልድ አላጡም። ከዚያ ወዲህ ለኮሚቴ የተመራ ማንኛውም ረቂቅ በይዘቱ ተመዝኖ ድምፅ ሊሰጥበት ግድ ሆነ። ፓርቲዎችም አባሎቻቸውን አስቀድመው በጋራ ስብሰባ ውሳኔ እንዳያስሩ ተከለከለ። ሥራው 120 ቀናት በሚፈጅ ዓመታዊ ጉባኤ ውስጥ የሚጠናቀቅ መሆኑ፣ ጊዜ አይበቃም የሚለውን ሰበብ ያዳክመዋል።

የኮሎራዶ ተሞክሮ ግን ተረት አይደለም፤ መሪዎቹ መላ አላጡም። አንድ ረቂቅ እንዲወድቅ ሲፈልጉ የአፈ ጉባኤው ታማኝ አባላት ወደሚበዙበት ኮሚቴ ይመሩታል። የግዛቲቱ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ይህን መሰሉን ኮሚቴ በግልጽ «ገዳይ ኮሚቴ» ይሉታል፤ የግዛት ጉዳዮች ኮሚቴ ለረጅም ጊዜ በዚህ ቅጽል ኖሯል። ማሻሻያውን የሚነቅፉ ወገኖች ይህን እንደ ክሽፈት ማስረጃ ያቀርቡታል። ነቀፋው ግን ዒላማውን ይስታል። በገዳይ ኮሚቴ ፊት እንኳ የረቂቁ ባለቤት ቆሞ ያስረዳል፣ ባለጉዳዩ ቃሉን ይሰጣል፣ አባላቱም በየስማቸው «ላልተወሰነ ጊዜ ይራዘም» ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። ማሻሻያው የአብላጫውን ኃይል አላስቀረም፤ ለማስቀረትም አልታለመም። ያስቀረው የአብላጫውን መሸሸጊያ ነው።

ከእነዚህ በተቃራኒ የቆመችው ካሊፎርኒያ ናት። በዚያ የሁለቱም ምክር ቤቶች የወጪ ኮሚቴዎች ከተወሰነ የገንዘብ መጠን በላይ የሚያስወጣ ረቂቅን በማቆያ መዝገብ ውስጥ ያኖራሉ፤ በታችኛው ምክር ቤት መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው፣ ይህም ለእንደዚያ ያለች ሀብታም ግዛት በጣም ዝቅተኛ ወለል ነው። አሠራሩ ሲጀመር የነበረው ምክንያት ጤናማ ነው፤ ወጪ ያላቸው ረቂቆች የበጀቱ መጠን ከታወቀ በኋላ ጎን ለጎን እንዲመዘኑ ነበር። በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ በግንቦትና በነሐሴ በሚደረግ አንድ ስብሰባ ሰብሳቢው በመቶዎች የሚቆጠሩ ረቂቆችን ዕጣ በፍጥነት ያነብባል፤ ይኼኛው አለፈ፣ ያኛው ባለበት ይቆይ። በዕለቱ የአስረጂ ቃል አይሰማም፣ ረቂቁ ለምን እንደቀረም አይነገርም። ወራት የደከሙበት የረቂቁ ባለቤቶች ውጤቱን የሚሰሙት እንደ ሎተሪ ተመልካች ነው። ውሳኔው አስቀድሞ በዝግ በር መሠራቱን ሳክራሜንቶ ውስጥ የማያውቅ የለም።

በማሳቹሴትስ ደግሞ ዝምታው ጨዋ ልብስ ይለብሳል። ኮሚቴው ረቂቁን ጥናት እንዲደረግበት በሚያዝ ትእዛዝ ውስጥ ያካትተዋል፤ ጥናቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም። የቴክሳስ ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ ለ140 ቀናት ብቻ የሚሰበሰብ ስለሆነ ቀኑ ራሱ ገዳይ ነው፤ በኮሚቴ ድጋፍ ያገኘ ረቂቅ እንኳ የአጀንዳ ቀን በሚቆርጠው ሌላ ኮሚቴ ውስጥ ተኝቶ ሊቀር ይችላል።

ጌሪ ኮክስ፣ ታድ ኩሰርና ማቲው መከቢንስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ኮሎራዶንና ካሊፎርኒያን እንደ ተፈጥሯዊ ሙከራ ወስደው አነጻጽረዋል፤ አጀንዳን መቆጣጠር የአብላጫውን ፓርቲ ጥቅም በተጨባጭ እንደሚያሳድግ አሳይተዋል። ሳራ አንዚያና ሞሊ ጃክማን በ2013 በግዛት ምክር ቤቶች ደንቦች ላይ ያደረጉት ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል፤ ረቂቅን ይዞ የማስቀረት መብት ባለበት ምክር ቤት አብላጫው ፓርቲ ያልፈለገው ሕግ ሲያልፍ የማየት ዕድሉ ያነሰ ነው። ከዚህ በመነሣት ዝምታን ጠቃሚ የፓርቲ መሣሪያ አድርጎ መከራከር ይቻላል። መራጩ ለአንድ ፓርቲ አብላጫ መቀመጫ የሰጠው ፕሮግራሙን እንዲያስፈጽም ነው፤ ታዲያ ጊዜውን በተቃዋሚ ረቂቆች ላይ ለምን ያባክናል? ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም የፓርቲ ተጠያቂነት የሚባለው ነገር የሚቆመው ፓርቲው የሠራውም ያስቀረውም ሲታይ ነው። አብላጫው የተቃዋሚውን ረቂቅ በድምፅ ከጣለ ፕሮግራሙን አስፈጸመ ይባላል። በዝምታ ከቀበረው ግን ያስፈጸመው ፕሮግራም መሆኑን ወይም የአንድ ለጋሽ ነጋዴን ጥያቄ መሆኑን ከውጭ ያለ ሰው የሚለይበት መንገድ የለም።

ሁለተኛው መከላከያ የሥራ ብዛት ነው። ካሊፎርኒያ በየዓመቱ ከኒው ሃምፕሻየር እጅግ የበዛና የተወሳሰበ ሥራ እንዳለባት አይካድም። ነገር ግን ካሊፎርኒያ የሙሉ ጊዜ ደመወዝተኛ አባላትና ሰፊ የባለሙያ ጽሕፈት ቤቶች አሏት። የወጪ ኮሚቴዎቿ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ረቂቅ የገንዘብ ትንተና ቀድሞውንም ያዘጋጃሉ። የሚጎድለው በትንተናው ግርጌ አንድ አንቀጽ ነው፤ «ይህ ረቂቅ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የደገፉትና የተቃወሙት እነዚህ ናቸው»። ይህን ለመጻፍ 200 ዶላር የሚከፈላቸው ሰዎች ጊዜ ካገኙ ሌሎቹ አያገኙም ማለት ያስቸግራል።

የሚጻፈው ምክንያት ባዶ ቀመር ሆኖ ይቀራል የሚል ሥጋትም አለ። ይሆናል፤ አንዳንዱ በርግጥ ይሆናል። ባዶ ምክንያት ግን ሊጋለጥ ይችላል፤ ባለጉዳይ ይዞት ወደ ጋዜጣ ይሄዳል፣ ተቃዋሚ በሚቀጥለው ጉባኤ ያነብበዋል። ያልተጻፈ ምክንያት ይህ ሁሉ አይደርስበትም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር የደንብ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 5 የክልል ምክር ቤቶችን በክልላቸው ሥልጣን ሥር ባሉ ጉዳዮች ሕግ አውጪ አድርጓቸዋል፤ በነዚህም ሆነ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ የሚመረመረው በቋሚ ኮሚቴዎች ነው። ችግሩ ግን በመስታወት እንደሚታይ ምስል የተገለበጠ ነው። ረቂቆች በአብዛኛው ከአስፈፃሚው አካል ስለሚመጡ በኮሚቴ ውስጥ ውሃ አይበላቸውም፤ ሥጋቱ ሳይፈተኑ ማለፋቸው ነው። የኒው ሃምፕሻየር ማብራሪያ ግን ለሁለቱም በሽታ ይሠራል። ኮሚቴው «እንዲጸድቅ» ሲል የትኛው አንቀጽ ላይ ምን ጥያቄ ተነሣ፣ ከሕዝብ መድረክ የመጣው የትኛው አስተያየት ተቀባይነት አገኘ፣ የትኛውስ ለምን ቀረ፣ በኮሚቴው ውስጥ የተለየ ሐሳብ የነበረውስ ማን ነው የሚለውን በስም ቢያሰፍር፣ የድጋፉ ክብደት በወረቀት ላይ ይታያል። የምሩቃን ጥናት ይህን ለመመርመር አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። ለአንድ የምክር ቤት ዘመን የቀረቡ የቋሚ ኮሚቴ ሪፖርቶችን ከመጀመሪያዎቹ ረቂቆችና በነጋሪት ጋዜጣ ከታተሙት አዋጆች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ በኮሚቴ ደረጃ የተለወጠውን መቁጠር ይቻላል።