መስታወቱን ላብ ሲያጠምቀው

ባለፈው ወር ስለ ጎማ አየር ስጽፍላችሁ በዚህ ወር ስለ ባትሪ እንደምንጨዋወት ቃል ገብቼ ነበር። ባትሪው ይቆየን። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ምሽት የደረሰብኝን ሳልነግራችሁ ወደ ሌላ ጉዳይ ማለፍ አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሜ የእሽቅድምድም መኪና እየሠራ ነው። ያረጀ ዲኤክስ ገዝቶ ከአምና ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ ሲፈታታው ከረመ። የኋላ ወንበሩ ወጣ፣ ምንጣፉ ወጣ፣ የጣሪያው ጨርቅ ተገፈፈ፣ ሬዲዮው ለጎረቤት ተሸጠ። የበሮቹ መስታወት በማይከፈት ፕላስቲክ ተተካ። በመጨረሻም ከዳሽቦርዱ ስር ያለውን ማሞቂያ ከነማራገቢያው ነቅሎ በእናታችን የበርበሬ ሚዛን ላይ አስቀመጠና «7 ኪሎ!» ብሎ ጮኸ። ለእሽቅድምድም ሰው ከመኪና ላይ የወረደ ኪሎ ሁሉ ሠርግ ነው። እናታችን ግን ያየችው ሚዛኗን የነካውን ግሪስ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ጣሪያው ውስጥ የሚገባውን መከላከያ ብረት ሊያስበይድ ሱሉልታ ሄደ። እኔም ቅቤ ልገዛ አብሬው ሄድኩ። እንዲህ ያለ መኪና በጭነት መኪና ተጭኖ እንጂ አስፋልት ላይ እየተነዳ የሚወሰድ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የጭነቱን ኪራይ ሰስተን ነው። ስንመለስ ደንገዝገዝ ብሏል፣ ይዘንባል፣ ሁለታችንም በስብሰናል።

የእንጦጦን ቁልቁለት ስንጀምር መስታወቱ ከዳር ዳር መንጣት ጀመረ። «እትዬ፣ ጥረጊልኝ!» ይለኛል። በነጠላዬ እጠርጋለሁ፤ እጄን ሳልመልስ እንደገና ይነጣል። የዝናብ መጥረጊያው ውጭ እየተወዛወዘ ይለፋል፤ የእኛ ችግር ግን ያለው ከውስጥ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ደግሞ መስታወቱ በሙሉ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይሆናል። መዳፍ በምታክል ጠርጌ ባጸዳኋት ቦታ አጮልቄ ሳይ የማገዶ እንጨት ታየኝ። የሚራመድ እንጨት። «ሰው!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ተንሸራቶ ቆመ። ሸክሙ ያጎበጣት ሴትዮ ከኮፈኑ ሁለት ክንድ እንኳ አትርቅም ነበር። «እግዚአብሔር አተረፈኝ» አለችና ጎንበስ እንዳለች መንገዷን ቀጠለች።

ዳር ይዘን በሮቹን ከፍተን ተቀመጥን። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ወሬ እንኳ ሳንጀምር መስታወቱ ማንም ሳይጠርገው ቀስ እያለ ጠራ። ዝናቡ እየገባብን፣ ብርዱ እየገረፈን፣ መስታወቱ ጠራ!

ወንድሜ ስለ ኒኪ ላውዳ አውርቶ አይጠግብም። በእነሱ አቆጣጠር በ1976 ኑርበርግሪንግ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ሦስት ወር ሳይሞላው ለመጨረሻው ውድድር ጃፓን፣ ፉጂ ደረሰ። ዝናቡና ጉሙ እይታ ሲከለክለው ሁለት ዙር ብቻ ነድቶ ከመኪናው ወረደ፤ የዓለም ዋንጫውንም በአንድ ነጥብ ልዩነት ለጄምስ ሃንት አስረከበ። ይህን ታሪክ በጀግንነት ሲተርክልን ኖሯል። «ላውዳ ወርዷል፤ አንተስ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም።

አሁን ወደ መስታወቱ። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ቀዝቃዛው ትንሽ። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ውሃ ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ገደማ ብቻ። የተረፈው ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ይቀመጣል፤ ያ ቀዝቃዛ ነገር ደግሞ ከፊታችን ያለው መስታወት ነው። አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ያወጣል። ሁለት ሰው በ10 ደቂቃ 13 ግራም ማለት ነው፤ ለትንሽ መኪና ሆድ ይህ ብዙ ነው። የእኔ የራሰ ነጠላና የእሱ ጃኬት አልተቆጠሩም። ከባድ ልብስና የራስ ቁር አድርጎ በላብ የሚታጠበው ተወዳዳሪ ደግሞ ብቻውን የሁለትና የሦስት ሰው ያህል ያተናል።

ውጭ ያለው አየር በዝናብ የራሰ ሆኖ ሳለ መስታወቱን ማጥራቱ ግራ ያጋባል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። የውጭው አየር የቱንም ያህል ቢርስ ቀዝቃዛ ስለሆነ የያዘው ውሃ ትንሽ ነው፤ ከእኛ ትንፋሽ ጋር ሲነጻጸር ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ለታክሲ ተሳፋሪ አስረዱ እስቲ! 12 ሰው ተጠጋግቶ ይተነፍሳል፣ አንዱ መስኮት ቢከፍት «ብርዱ! ዝጋው እንጂ!» ይባላል፣ ሾፌሩ ደግሞ በቀኝ እጁ ጨርቅ ይዞ መስታወት እየፈተገ ይነዳል። እኔም ስንት ጊዜ «ዝጋው» ካሉት ወገን ነበርኩ።

በውጭ አገር ጣሪያ ባላቸው የውድድር መኪኖች ላይ ቀጫጭን ሽቦ የተዘረጋበት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ መስታወት ይገጠማል፤ አየርም በቱቦ እስከ መስታወቱ ስር ይመጣል። ብዙዎቹ አየሩን የሚያስገቡበት ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቅርጽ በ1945 የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም ለአውሮፕላን ብሎ ያወጣው ነው። ወንድሜ ለዚያ ገንዘብ የለውም። ምናለሽ ተራ ሄዶ ከሌላ መኪና የወጣ ማራገቢያ አመጣና በሚታጠፍ ቱቦ ከፊት ፍርግርጉ አየር እየሳበ መስታወቱ ላይ እንዲነፋ አደረገው። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልነበረም። ለካ የሚገባ አየር የሚወጣበት ይፈልጋል፤ ከኋላ ፕላስቲኩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ሲበሳ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። መስታወቱንም በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ስስ አድርጎ ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ድረስ ወለወለው። ሳሙናው ውሃውን አያስቀረውም፤ ጠብታ ጠብታ መሆኑን ትቶ እንደ ስስ ሽፋን እንዲተኛ ያደርገዋል፣ ዓይንም አልፎት ያያል። ለጥቂት ቀን ነው የሚያገለግለው፤ በደንብ ካልተወለወለ ደግሞ ማታ በመብራት ያንጸባርቃል። የጺም መላጫ አረፋም ያው ነው። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ዳሽቦርድ ላይ መደርደር ግን ለእኔ ጨዋታ ነው፤ የሚተነፍስን ቤተሰብ አይችሉም።

የእናንተ መኪና ማሞቂያ ስላለው ሥራችሁ ቀላል ነው። አየሩን ወደ መስታወቱ አዙሩ፣ ሙቀቱን ክፈቱ፣ ኤሲ ካለው አብራችሁ አብሩት። ኤሲ በብርድ ምን ያደርጋል አትበሉኝ፤ አየሩን ያደርቃል፣ ከመኪናው ስር የሚንጠባጠበው ውሃ ከዚያ የመጣ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መኪና ተስሎ በውስጡ የታጠፈ ቀስት ያለበትን ቁልፍ እዩ። የጭነት መኪና ጭስ ሸሽተን እንጫነውና እንረሳዋለን። እሱ እስከበራ ድረስ የልጆቻችሁን ትንፋሽ መልሳችሁ መላልሳችሁ መስታወቱ ላይ ትነፋላችሁ። አጥፉት። ማሞቂያው ከተበላሸም ከፊትና ከኋላ መስኮት አንዳንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጉ፤ ልጆቹን ጋቢ አልብሷቸው። በእጅ መጥረግ የመጨረሻ መላ ነው፤ የእጃችን ወዝ መስታወቱ ላይ ይቀርና ነገ ብሶ ይጠብቀናል።

ባለፈው እሁድ የወንድሜን ሥራ ግቢ ውስጥ ፈተንነው። እኔና እሱ በሩን ዘግተን የራሰ ጋቢ ታቅፈን ተቀመጥን። መስታወቱ ሲነጣ ማራገቢያውን አስነሳ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በእሱ በኩል ሁለት ስንዝር የሚሆን ቦታ ጠራ። በእኔ በኩል እንደነጣ ቀረ። «የሚነዳው እስካየ ድረስ ይበቃል» አለኝ ደስ ብሎት። «ሴትዮዋ የመጣችው በየት በኩል ነበር?» አልኩት። በእኔ በኩል ነበር የመጣችው።

በማግስቱ ጠዋት ማሞቂያውን ከጓዳ አውጥቶ እንደገና ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሲያየው አገኘሁት። እናታችን በዚህኛው ጊዜ ቀድማ ጋዜጣ አንጥፋበታለች።