የጋራ ፓስዎርድ የማን ነው?

ትናንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቆምብን ለኮዳችን ቢሮ ውስጥ የሰብቨርዥን ሰርቨር ተከልኩ። ፓስዎርድም አድርጌበታለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው? «ሰባት»። ስንት ፓስዎርድ? «አንድ»።

«ሁላችንም እንተማመናለን፣ ምን ችግር አለው?» ነው ክርክሩ። እኔም ከዓመታት በፊት ልክ እንደዚሁ ብዬ ነበር። ያኔ በምሠራበት ቦታ ሰርቨሩን የተከልኩት ራሴ ነኝ፤ አንድ የተጠቃሚ ስም፣ አንድ ፓስዎርድ፣ ነጭ ሰሌዳው ላይ በማርከር ተጽፎ። አንድ ቀን ጠዋት ደመወዝ የሚያሰላው ፋይል ተበላሽቶ ተገኘ። ፋይሉን ማዳን ቀላል ነበር፤ በአሥር ደቂቃ የቀድሞውን ቅጂ መለስነው። አለቃችን ግን «ማነው የነካው?» አለ። መዝገቡን ከፈትን። ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ብቻ፣ ሁላችንም የምንገባበት። ዓይን ሁሉ አዲሱ ልጅ ላይ አረፈ። ከገባ ወር እንኳ አልሞላውም። «አልነካሁም» አለ፣ ግን በምን ያሳይ? የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ አሰናበቱት። እሱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም ልሆን እችላለሁ እኮ፤ በዚያው ሳምንት ያንን ፋይል ከፍቼው ነበር። ይህን ያኔ ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ሰብቨርዥን ላይ ከእያንዳንዱ ለውጥ ጎን የሚጻፈው ስም የሚመጣው ሰውየው ከገባበት ስም ነው። ስለዚህ ፓስዎርዱ የውጭ ሰው ይከለክላል፣ የውስጡን ደግሞ በስሙ ይመዘግባል። ሰባት ሰው በአንድ ስም ከገባ ሁለተኛው ሥራ የለም። ሰው ሲለቅም ያው ነው፦ የጋራውን ፓስዎርድ ቀይሮ ለቀሩት ስድስቱ ማዳረስ ያስፈልጋል፤ ማንም አያደርገውም። ለየብቻ ከሆነ ግን አንድ መስመር መሰረዝ ነው፣ አለቀ።

«እኛ ጊት ነው የምንጠቀመው» የምትሉ ልጆች፣ እናንተም አትዝናኑ። ኮሚት ላይ የሚታየው ስም እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ራሱ የሞላው ነው። አንዱ የእኔን ስም ጽፎ ኮሚት ቢያደርግ ጊት ዝም ይላል። በእርግጥ ማን እንደላከው ሊያውቅ የሚችለው ሰርቨሩ ነው፣ እሱም ለየሰዉ የተለየ መግቢያ ካለው። ጊትሃብማ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 13 ቀን 2021 ጀምሮ ኮድ ለመላክ የአካውንት ፓስዎርድ መቀበል ጭራሽ አቁሟል፤ ቶክን ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ ነው የሚጠይቀው።

ሰብቨርዥንን ከራሱ ትንሽ ሰርቨር ጋር የምትተክሉ ደግሞ ሁለት ነገር እዩልኝ። ምንም ካልነካችሁት ፓስዎርድ የሌለውም ሰው ኮዱን ማንበብ ይችላል፤ መጻፍ ብቻ ነው የሚከለከለው። ይህን ቅንብር ራሳችሁ መዝጋት አለባችሁ። ሌላው፣ ፓስዎርዶቹ ፋይሉ ውስጥ እንዳሉ በግልጽ ነው የሚቀመጡት፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ያነባቸዋል። የባንካችሁን ፓስዎርድ እዚያ እንዳትሰጡ። በአፓቼ በኩል ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው፣ ያለ ኤችቲቲፒኤስ ግን መንገድ ላይ ራቁቱን ይሄዳል፤ ኔትወርኩን የሚያደምጥ ሰው በቀላሉ ይፈታዋል።

ይህ ሁሉ ለሰባት ሰው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ለተማሪዬም ይህንኑ ነግሬው ስልኩን ዘጋን።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ መልእክት ላከልኝ፦ «ቲቸር፣ ሰባቱንም በኤችቲፓስዎርድ አንድ በአንድ አስገባኋቸው። ግን የመጨረሻዋ ልጅ ብቻ ናት መግባት የቻለችው፤ እኔ ራሴ ውጭ ቀርቻለሁ!»

ትዕዛዙ ላይ ያለችው «ሰረዝ ሲ» በተጻፈች ቁጥር ፋይሉን እንደ አዲስ ትፈጥረዋለች፣ የነበሩትን ስሞች አጥፍታ። ለመጀመሪያው ሰው ብቻ ተጠቀምባት፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ተዋት አልኩት። እየደገመው ነው።