አይረን ያላሻለው ደም ማነስ

ልጅ ሲገረጣና ቶሎ ቶሎ ሲደክመው መጀመሪያ የምናስበው ምግቡን ነው። ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ጉበቱን እንጨምራለን፤ ሐኪም ያዘዘውን የአይረን ሽሮፕም እንሰጣለን። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ያገግማል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶም ደሙ ከፍ ካላለ፣ ይባስ ብሎ ነጭ የደም ሕዋሳቱና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት አብረው ከወረዱ ግን ችግሩ ከገበታው ላይ ሳይሆን ደም ከሚመረትበት ከአጥንት መቅኔ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ከሚዳርጉት ሕመሞች አንዱ ፋንኮኒ አኒሚያ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1927 በሦስት ወንድማማቾች ላይ ያየውን ከጻፈው የስዊዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ከጊዶ ፋንኮኒ ነው። ሕመሙ ብዙም አያጋጥም፤ ሳይታወቅ ከቆየ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በየቀኑ ይጎዳል፤ ሰውነታችንም በየቀኑ ይጠግነዋል። ይህ ጥገና እንዴት እንደሚካሄድ ያሳዩ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ዲኤንኤን እንደ ዚፕ አስቡት። ሕዋስ ሲባዛ ዚፑ መከፈት አለበት። ሁለቱ ጎኖች ከተጣበቁ አይከፈትም። ፋንኮኒ ያለበት ልጅ ይህን መጣበቅ የሚያላቅቁት ዘረመሎች አንዱ አይሠራለትም። መቅኔ ያለ ዕረፍት ሕዋስ የሚያባዛ ስለሆነ ቀድሞ ይጎዳል። የተጎዱት ሕዋሳት ሲሞቱ ደም ያንሳል፤ ስህተቱን ይዘው ሲባዙ ደግሞ የደም ካንሰር ይከተላል።

አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የሚመጣው ልጁ የተበላሸውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። በዘመዳሞች ጋብቻ ዕድሉ ይጨምራል፤ አያቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው ማጋባታቸው በዚህ በኩል ጠቅሟል። ስለዚህ “በእኔ ነው፣ በአንቺ ነው” መባባል አይገባም፤ እርግማንም አይደለም።

ምን እንመልከት? አውራ ጣቱ የጎደለ፣ ያነሰ ወይም ተደራቢ ያለው፣ ከእኩዮቹ በቁመት ያጠረ፣ ቆዳው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ልጅ ደም ማነስ ሲጨመርበት ለሐኪሙ አብራችሁ ንገሩ። ምንም ምልክት የማይታይባቸው ልጆችም አሉ። ሕመሙን የሚለየው ክሮሞዞም በቀላሉ መሰበር አለመሰበሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው። በየቦታው ስለማይገኝ ወዴት መላክ እንዳለባችሁ የደም ሐኪም ጠይቁ።

ስሙን ቀድሞ ማወቅ ሕክምናውን ይለውጣል። የተለመደው የኬሞቴራፒ መጠን ጥገና ለማይችሉ ሕዋሳት ከባድ መርዝ ነው፤ ሐኪሙ ካወቀ ይቀንሰዋል። ዋናው ሕክምና የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ውስጥ በዓለም የመጀመሪያው የእትብት ደም ንቅለ ተከላ የተደረገው ፋንኮኒ ለነበረበት ልጅ ነው፤ ደሙም የተገኘው ከአራስ እህቱ እትብት ነበር። ወንድም ወይም እህት ከመለገሳቸው በፊት ግን እነሱም መመርመር አለባቸው፤ ጤነኛ መስለው ሕመሙ ሊኖርባቸው ይችላል። ንቅለ ተከላው ደሙን እንጂ ሌላውን አካል ስለማያድን፣ ልጁ ሲያድግ ከሲጋራና ከአልኮል ይራቅ፤ አፉንና ጉሮሮውን በየጊዜው ይታይ።

ይህን ያነበባችሁ ወላጆች አትደንግጡ። የልጆች ደም ማነስ ብዙ ጊዜ በምግብና በአይረን የሚድን ነው፤ አብዛኛው የደም ካንሰርም በዘር የሚመጣ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልመዱ፦ የልጃችሁን የደም ምርመራ ውጤቶች አትጣሉ። በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ወረቀት የዛሬውን ብቻ ያሳያል፤ ሦስቱ ተደርድረው ሲታዩ ግን ደሙ እየወረደ መሆን አለመሆኑን ለሐኪሙ ይነግሩታል።