የእናቶች ሞትና የሰፈር ማኅበራት ድርሻ

«ቀኗ ደርሶ ነው» የሚለው አነጋገር የወላዶችን ሞት እውነተኛ ምክንያት ለዘመናት ሸፍኖ ኖሯል። ገዳዮቹ ግን የታወቁ ናቸው፤ የደም መፍሰስ፣ በእርግዝና የሚከሰት የደም ግፊት፣ የታገደ ምጥ፣ ኢንፌክሽንና ንጽሕናው ባልተጠበቀ መንገድ የሚፈጸም ጽንስ ማቋረጥ።

በሀገራችን በተካሄዱት የሕዝብና የጤና ጥናቶች ግምት መሠረት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ1997 ዓ.ም. 673 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ግን ቁጥሩ 676 ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልንመረምር ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው በብዛት የተሰማሩት በእነዚሁ ዓመታት ነበርና። ታዲያ ሞቱ ስለምን ባለበት ረጋ? ከዚያው ጥናት እንደምንረዳው በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የተዋለዱት ወሊዶች ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። ምክር ብቻውን የሚፈስ ደም አያቆምም! በ2008 ዓ.ም. ይኸው ድርሻ ወደ 28 ከመቶ ሲያድግ ሞቱ ወደ 412 ወርዷል፤ ብቸኛው ምክንያት ይህ ነው ባንልም። ከዚያም ወዲህ መቀነሱን ቀጥሏል።

ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በወላይታ ሶዶ ከሆስፒታል አጠገብ ለምትኖር ሴት ይህ ጊዜ ይበቃ ይሆናል። ወደ ኦሞ ሸለቆ ከሚወርዱት የኪንዶ ዲዳዬ ቀበሌዎች በክረምት ጭቃ በቃሬዛ ለምትወጣዋ ግን አይበቃም። ባልና አማት እስኪመካከሩ፣ የመኪና ገንዘብ እስኪፈለግ የሚባክነው ሰዓትም አለ። መንገዱን፣ ደሙንና አዋላጇን ማሟላት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ የዚህን ግዴታ ጉድለት በእናቶች አለማወቅ ማሳበብን አንቀበልም።

የእኛስ ድርሻ? ሰው ሲሞት እድራችን በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ተሸካሚ ያሰልፋል፣ ገንዘብ ይቆጥራል። (በዚህ ቅልጥፍና ማንም አይበልጠንም።) ያው ቃሬዛና ያው ጉልበት ለምጥ ስለምን አይወጣም? ጤና ጣቢያ ባለው የወላዶች ማቆያ ቤት ቀድማ ልትገባ የሚገባት የሩቅ ቀበሌ እናት ብዙ ጊዜ የምትቀረው ልጆቿንና ላሟን የሚጠብቅላት በማጣቷ ነው። ይህን ጎረቤት በተራ ሊሸፍነው ይችላል።

የሠራተኛ ማኅበራትም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገውን፣ ማለትም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድና ደመወዝ ሳይቆረጥ ለእርግዝና ምርመራ የሚሰጠውን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ይከታተሉ። እድሮች ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባቸው ዘጠነኛ ወሯ የገባችው ማን እንደሆነች፣ በሌሊት ሲጠራ የሚነሣው ባለ ባጃጅም ማን እንደሆነ መዝግበው ይለያዩ።