ቁልፍ ያለ መዝገብ፣ መዝገብም ያለ ቁልፍ አይበቃም

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት የትላልቅ ካምፓኒዎች ጣጣ ይመስላል። ነገር ግን በሱቅዎ ጠረጴዛ ላይ ካርድ የሚቀበለው ታብሌት፣ በሾፌርዎ እጅ ያለው ስልክ የእርስዎ ገንዘብ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2008 የዞን ታሪፍ ቀርቶ ሜትር ሲገባ ስንቱ ወገናችን እንደተጨነቀ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ ሜትሩ ራሱ ወደ ታብሌት ገብቷል። ታብሌቱ ሲጠፋ የዕለቱ ሥራ አብሮ ይጠፋል ማለት ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር በሽርክና አራት መኪናና አንዲት ትንሽ ሱቅ እናስተዳድር ነበር። ሰባት ታብሌት ገዛን፤ መቆጣጠሪያ ፕሮግራምም በወር ሒሳብ አስገባን። አንድ ሾፌር ሥራ ሲለቅ ታብሌቱን ለጓደኛው ሰጥቶ ሄደ፤ ጓደኛው በሱቁ መሳቢያ አስቀመጠው፤ ከመሳቢያው ማን እንደወሰደው ግን የሚያውቅ ጠፋ። ፕሮግራሙን ከፍተን ብናይ አምስት ይላል። የደረሰኝ ፋይላችን ሰባት ይላል። የስልክ ካምፓኒው ቢል ደግሞ የስምንት መስመር ያስከፍለናል። ሦስቱም እውነት ይናገሩ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ግን አይነጋገሩም። ማንም ለማይጠቀምባቸው ሦስት መስመሮች አሥራ አራት ወር ከፈልን። ጥፋቱ የእኛው ነበር።

በአገራችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን አይረሳም። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። ግምጃ ቤቱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ብቻውን ግን ስንት ዕቃ እንደገባና በማን እጅ እንደወጣ አይናገርም። እዚህም ነገሩ ያው ነው። ኤም.ዲ.ኤም. የሚባለው የስልክና የታብሌት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ቁልፉ ነው፤ ዕቃውን ከሩቅ ይቆልፋል፣ በውስጡ ያለውን ያጠፋል፣ ፕሮግራም ይጭናል፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተገናኘም ይነግርዎታል። የንብረት መመዝገቢያው ፕሮግራም ደግሞ መዝገቡ ነው፤ መቼ፣ ከማን፣ በስንት እንደተገዛ፣ ጋራንቲው መቼ እንደሚያልቅ፣ በማን እጅ እንዳለ ይይዛል።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሲሪያል ቁጥሩ ነው። እንደ ጃምፍና የማይክሮሶፍቱ ኢንትዩን ያሉት መቆጣጠሪያዎች የሚያዩትን ለመዝገቡ ማስተላለፍ ይችላሉ። ከመመዝገቢያዎቹም እንደ ስናይፕ አይቲ ያለው፣ በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ ከጫኑት፣ ለፕሮግራሙ አያስከፍልም። የሚያገናኝልዎት ባለሙያ ሦስት ነገር እንዲያደርግ ይንገሩት። አንደኛ፣ በሲሪያል ቁጥር እንጂ በታብሌቱ ስም እንዳያዛምድ፤ ስም ይቀያየራል። ሁለተኛ፣ በሁለቱ መካከል የሚያስገባው የምስጢር ቁልፍ ከመቆጣጠሪያው እንዲያነብ ብቻ ይፈቀድለት፤ ይህ ቁልፍ ከተሰረቀ ሌባው ታብሌቶችዎን በሙሉ እንዳያጠፋብዎት። ሦስተኛ፣ ከመቆጣጠሪያው የወጣ ዕቃ ከመዝገቡ አብሮ እንዳይሰረዝ፤ «ጠፍቷል» ወይም «ተሸጧል» ተብሎ ይቆይ። የጠፋ ዕቃ መዝገብ ካለው ዕቃ መዝገብ እኩል ይጠቅማል።

እንዲህ ሲያያዙ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። መዝገቡ «በሾፌር እጅ ነው» የሚለው ታብሌት፣ መቆጣጠሪያው «አርባ ቀን አልተገናኘም» ካለ፣ አንድ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው። ሲም የሚወስድ ዕቃ ሲሆን አይ.ኤም.ኢ.አይ. የሚባለውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥርም በመዝገቡ ያኑሩ፤ በስልክ ላይ *#06# ሲጫኑ ይወጣል። ፖሊስም ሆነ የስልክ ካምፓኒው ዕቃው ሲሰረቅ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው። ዕቃው ከእጅ ከወጣ በኋላ ቁጥሩን መፈለግ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። እነዚህን ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚከፍትልን የእህት ልጅ ወይም ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወዳጅ ነው። እግዜር ይስጠው። ነገር ግን በማን ስም ነው የከፈተው? የአፕል ዕቃዎችን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ሁሉ ከአፕል የሚሰጥ፣ በየዓመቱ የሚታደስ የኤሌክትሮኒክ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። እድሳቱ መጀመሪያ በወጣበት በዚያው አካውንት መሆን አለበት። ልጁ በግል ኢሜይሉ ካወጣውና ወደ ሌላ ስቴት ከሄደ፣ ወይም በሆነ ነገር ከተቀያየማችሁ፣ ዓመቱ ሲሞላ ታብሌቶቹ ከቁጥጥር ይወጣሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሰብስቦ እንደገና ማስገባት ነው። ስለዚህ አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉ በእርስዎ እጅ ይሁን፤ የእድሳቱም ቀን ከታክሲ ኢንሹራንስዎ ቀን አጠገብ በካላንደር ይጻፍ። የሱቅዎን ቁልፍ ለዘመድ ያውሳሉ እንጂ በዘመድ ስም አያሠሩም።

የግብሩም ነገር አለ። በአሜሪካ ከ2016 ወዲህ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ የሌለው አነስተኛ ድርጅት፣ እያንዳንዱ ከ2,500 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ የገዛበትን ወጪ በዚያው ዓመት እንዲያነሣ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ይህን መምረጡን ግን በየዓመቱ ከታክስ ማመልከቻው ጋር ማስታወቅ አለበት። በቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ካውንቲው ወይም ከተማው በንግድ ዕቃ ላይ በየዓመቱ ግብር እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የጠፋ ታብሌት ዛሬም በዝርዝሩ ካለ፣ በሌለ ዕቃ ግብር እየከፈሉ ነው። ደረሰኝና ሲሪያል ቁጥር አብረው የተመዘገቡለት ሰው አካውንታንቱ ዘንድ ሲሄድ ነገሩ በአጭር ያልቃል።

«እኔ ያለኝ ሦስት ታብሌት ነው፤ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ለሦስትና ለአራት ዕቃ ደብተር ይበቃል። የአባቶቻችን የዱቤ ደብተር ስንቱን ሱቅ አቁሟል! በወር አንድ ቀን ደብተሩን፣ መቆጣጠሪያውንና የስልኩን ቢል ጎን ለጎን አስቀምጠው ቁጥራቸውን ያስተያዩ። ዋናው ሁለቱን ማስታረቅ ነው፤ ማሽን ቢያስታርቀውም እጅ ቢያስታርቀውም። ዕቃው አሥርና አሥራ አምስት ሲደርስ፣ ሾፌርም ሲፈራረቅ፣ ያን ጊዜ ሥራውን ለማሽኑ መስጠት ይሻላል። እኛ በሰባት ታብሌት በወር አንድ ቀን ብናይ ኖሮ በሁለተኛው ወር እንነቃ ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሠራተኛዎ ሳያውቅ አይከታተሉት። ታብሌቱ የእርስዎ ነው፤ ሰውየው ግን የእርስዎ ንብረት አይደለም። በኒውዮርክ ከግንቦት 2022 ወዲህ አሠሪ የሠራተኛውን ኢሜይል፣ ስልክ ወይም የኢንተርኔት አጠቃቀም የሚከታተል ከሆነ ሲቀጥረው በጽሑፍ ማስታወቅና ማስፈረም አለበት። ሕጉ በሌለበት ስቴትም ቢሆን ሲያስረክቡ «ይህ ታብሌት ያለበትን ቦታ ያሳያል» ብለው ያስፈርሙ። በግል ስልኩ የሚሠራን ሰው ደግሞ ስልኩን በሙሉ አይቆጣጠሩ፤ የሥራውን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚይዝ አሠራር አለ፤ የልጆቹ ፎቶግራፍ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ሳምንት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ወረቀት ይያዙ። ያሉዎትን ስልክና ታብሌት በሙሉ ጠረጴዛው ላይ አሰልፈው ሲሪያል ቁጥሩን፣ የያዘውን ሰው ስምና የተገዛበትን ቀን ይጻፉ። ከዚያ ከመቆጣጠሪያውና ከስልኩ ቢል ጋር ያስተያዩት። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ደስ ይበልዎ። እኩል ካልሆኑ ደግሞ ገንዘብዎ በየት በኩል እንደሚያፈስ ዛሬ አወቁ ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን።