የሞተችው ባትሪዋ ናት

አንዳንድ ሰው አሮጌ የቪድዮ ጨዋታውን ከብዙ ዓመት በኋላ ከሣጥን አውጥቶ ሲከፍተው፤ ጨዋታው እንደ ጥንቱ ይነሣል፤ ነገር ግን ያስቀመጠው ውጤት ሁሉ ጠፍቶ ያገኘዋል። ወዲያውም ካርትሪጁ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። የሞተችው ግን ባትሪዋ ናት እንጂ ጨዋታው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካርትሪጁ ውስጥ ሁለት ማኅደር አለ። አንደኛው ጨዋታው ራሱ የተጻፈበት ሲሆን፤ እንደ ታተመ መጽሐፍ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አይጠፋም። ሁለተኛው ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚመዘግበው ነው። ይህኛው ውኃ በእፍኙ እንደ ያዘ ሰው ነው፤ ኃይል ሲያጣ የያዘውን ሁሉ ያፈሰዋል። መሣሪያው ጠፍቶ በሚቀመጥበት ጊዜ ይህን ኃይል የምትሰጠው ሳንቲም የምታህል የሊቲየም ባትሪ ናት።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» የተባለው የኒንተንዶ ጨዋታ እንዲህ ያለች ባትሪ አለችው፤ ሦስት ተጫዋቾችም ስማቸውን ጽፈው የደረሱበትን ያስቀምጡበታል። ከሦስቱ አንዱ፤ ዛሬ በሕይወት የሌለ ወንድም በልጅነቱ የጻፈው ስም ቢሆንስ? በ1999 ዓ.ም. በጃፓን የወጡት የፖኬሞን «ጎልድ» እና «ሲልቨር» ደግሞ ቀንና ሌሊት የሚቆጥር ሰዓት ስላለባቸው፤ ባትሪያቸው ፈጥና ታልቃለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው አዲስ ባትሪ ለመግዛት ይሮጣል፤ ነገር ግን አሮጌዋ በተነቀለች ጊዜ የቀረው መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ፤ ባትሪዋ ገና ሳትሞት፤ ካርትሪጅ በሚያነብ መሣሪያ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ነው። ቀጥሎ በልዩ ካቻቢቴ ብሎኑን ፈትቶ በባትሪዋ ላይ ያለውን ቍጥር ማየት ነው፤ ሲ.አር. 2032 የሚል ከሆነ፤ 20 ስፋቷን በሚሊሜትር፤ 32 ደግሞ 3.2 ሚሊሜትር የሆነውን ውፍረቷን ይናገራል። በመጨረሻም ማያያዣ ብረቷ በፋብሪካ የተበየደላትን አዲስ ባትሪ፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሳያለዋውጡ፤ በቀለጠ እርሳስ ማያያዝና የተገለበጠውን መዝገብ መመለስ ነው። የጋለውን ብረት በባትሪዋ ገላ ላይ ማሳረፍ አደጋ ነው፤ ልትፈነዳ ትችላለችና። እጁ ያልለመደ ሰው ለሬዲዮ ጠጋኝ ቢሰጥ ይሻለዋል።

ባትሪ ከሱቅ ይገኛል፤ በልጅ እጅ የተጻፈ ስም ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላልና፤ እንዲህ ያለ ካርትሪጅ ያላችሁ አንባቢዎች ነገ ሳትሉ ገልብጡ።